ሠርጋችሁን በስንት ኤክስ ነው የጻፉላችሁ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው የሠርግና የልደት ቪዲዮ ነው። አሁን አሁን ሰው ሁሉ «ፍላሽ ላይ አድርግልን» ቢልም ለእናትና ለአባት፣ ለአያቶች የሚሆን ዲቪዲ የሚያዝዝ ደንበኛ ገና አልጠፋም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባዶ ሲዲና ዲቪዲ ላይ ስለታተመው የፍጥነት ቁጥር፣ 52 ኤክስ (52x) ወይም 16 ኤክስ ስለሚለው፣ ሰዎች ከየሱቁ ይዘውት የሚመጡት ወሬ ስላሰለቸኝ ነው። አንዱ ይመጣና «52 ኤክስ ካልሆነ አልፈልግም፣ ጥራቱ ይወርዳል» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «ዲስኩ በጣም ፈጣን ስለሆነ ነው እኛ ቤት ያለው ዴክ የሚያቆራርጠው፣ ባለ ሱቁ ነው የነገረኝ» ትላለች። ሁለቱም ልክ አይደለም።

ቁጥሩ የሚናገረው ስለ መጻፍ ብቻ ነው። አምራቹ «እስከዚህ ፍጥነት ድረስ ብትጽፉበት ዲስኬ ይችለዋል» ማለቱ ነው። ጣሪያ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ 52 ኤክስ የሚል ሲዲ በ16ም በ24ም ይጻፍበታል። በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነበብ የሚወስነው ግን ማጫወቻው ነው። ሽፋኑ ላይ ምን እንደታተመ ዴካችሁ አያውቅም፣ ቢያውቅም አይጠቅመውም።

በሲዲ 1 ኤክስ ማለት በሰከንድ 150 ኪሎባይት ነው። ያ ሁሉ የአማርኛ ፊልምና መዝሙር የታየበት ቪሲዲ በ1 ኤክስ ብቻ እንዲሄድ ሆኖ የተሠራ ነው። የዲቪዲ 1 ኤክስ ደግሞ የሲዲውን 9 እጥፍ ገደማ ያህላል፣ በሰከንድ 1,385 ኪሎባይት መሆኑ ነው፤ አንድ የዲቪዲ ፊልም ቢበዛ ቢበዛ የሚፈልገው ከዚያ ትንሽ ያነሰ ነው። ስለዚህ ፊልሙ የተጻፈው 4 ኤክስ ዲስክ ላይም ይሁን 16 ኤክስ ዲስክ ላይ፣ ሳሎን ላለው ዴክ 1 ኤክስ ይበቃዋል። ለ16 ኤክሱ «ምስሉ ይጠራል» ብሎ ተጨማሪ ብር የሚጠይቃችሁ ሻጭ ካለ፣ እሱ የሚሸጥላችሁ የራሱን ወሬ ነው።

ታዲያ ለምን ይቆራረጣል? አጻጻፉ ነዋ። የምንጽፍበት ዲስክ ውስጥ ስስ የቀለም ሽፋን አለ፣ መጻፊያው በሌዘር እያሞቀ ምልክት ያደርግበታል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሌዘሩ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚያጥር ኃይሉ መጨመር አለበት፣ መቼ በርቶ መቼ እንደሚጠፋም በጣም በትክክል መለካት አለበት። ይህንን ልክ መጻፊያው ከየት ያመጣዋል? ዲስኩ ሲሠራ አብሮ የተቀረጸ የአምራቹ መለያ ኮድ አለ። መጻፊያው ያንን አንብቦ «ለዚህ ዲስክ እንዲህ ነው የሚደረገው» የሚለውን መመሪያ ከራሱ ማህደር ያወጣል። መጻፊያው አሮጌ ሆኖ ዲስኩን የማያውቀው ከሆነ በግምት ነው የሚጽፈው፤ ግምቱ ደግሞ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ጉድ ያፈላል። ምልክቶቹ ጠርዛቸው ከተዛባ ኮምፒውተር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ደጋግሞ አንብቦ ሊያወጣው ይችላል። ብዙ ያገለገለ፣ ሌዘሩ የደከመ ዴክ ግን ምስሉን በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሰባብሮ ቀጥ ይላል።

ደንበኞቼ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ «ሠርጉ ደህና ነው፣ መልሱና ቅልቅሉ ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው»። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ዲስክ የሚጻፈው ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር ነው። በትልቁ ፍጥነት ስትጽፉ ዲስኩ የሚሽከረከረው በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ነው፤ ዳሩ በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ ከመሃሉ ስለሚረዝም ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ማለትም 52 ኤክስ የተባለው ሲዲ ሲጀምር ከ20 ብዙም አይዘልም፣ 52 የሚደርሰው ጫፉ ላይ ነው። ዲስኩ ይበልጥ የሚወዛወዘውም፣ እጃችን ይበልጥ የሚነካውም ዳሩን ነው። ቅልቅሉም ያለው እዚያው ነው!

ለመሆኑ በዚህ ሁሉ ጥድፊያ የምናተርፈው ምንድን ነው? አንድ ሲዲ የሚይዘውን 80 ደቂቃ ለ52 ብታካፍሉት ከ2 ደቂቃ በታች ያልቃል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ግን ፍጥነቱ ከመጀመሪያው 52 ስላልሆነ 3 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በ24 ብትጽፉት 4 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቢሆን ነው። ዲቪዲ በ16 ኤክስ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ፣ በ8 ኤክስ ደግሞ 8 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ለሁለት ሦስት ደቂቃ ብለን ነው እንግዲህ ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ ነገር የምናበላሸው።

ግን ደግሞ «ቀስ ብሎ የተጻፈ ሁሌ ይሻላል» የሚሉ የሙያ ባልደረቦቼም አሉ፣ እነሱንም አልስማማም። ያ በድሮ ዲስክ ዘመን የሚባል ነው። የዛሬው ዲስክ ቀለሙ ለትልቅ ፍጥነት የተዘጋጀ ስለሆነ በ1 ወይም በ2 ኤክስ ለመጻፍ መታገል አንዳንዴ የባሰ ውጤት ያመጣል፤ ብዙዎቹ አዳዲስ መጻፊያዎችም ያን ያህል ዝቅ ማለት አይችሉም። እኔ 16 ኤክስ የሚል ዲቪዲ በ8፣ 52 የሚለውን ሲዲ በ16 ወይም በ24 ነው የምጽፈው። በርግጥ እኛ አገር ፍጥነትን የሚደግፍ አንድ ጥሩ ምክንያት አለ፤ መብራት። ዲስኩ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ዲስኩ አለቀለት፣ ስለዚህ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ መጻፍ ይሻላል። ከ2000 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ መጻፊያዎች ላይ የገባው መከላከያ ኮምፒውተሩ ዳታ ማቅረብ ሲዘገይ ነው የሚያድነው፣ መብራት ሲጠፋ አይደለም።

ቪዲዮ የምታሠሩ ሰዎች ሥራውን ስትረከቡ «በስንት ኤክስ ነው የጻፍከው? ቬሪፋይ አድርገኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቬሪፋይ ኔሮና ኢምግበርን በሚባሉት የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራሞች ላይ ያለ፣ የተጻፈውን መልሶ አንብቦ ከዋናው ጋር የሚያመሳክር ምርጫ ነው። ጊዜ ስለሚወስድ ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ኢምግበርን ከዚህ በተጨማሪ ቅድም ያልኩትን የአምራች ኮድ ያሳያችኋል፤ ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም ተለጥፎ ውስጡ ሌላ ሆኖ ሲገኝ ማየት ለሚፈልግ ያዝናናል።

የተጻፈበት እየጠፋ እንደገና የሚጻፍበትን፣ አርደብሊው (RW) የሚባለውን ሲዲ የምትገዙ ደግሞ እዚያ ላይ ቁጥሩን በደንብ እዩት። የሱ ጉዳይ ይለያል። በ4 ኤክስ የሚጽፍ አሮጌ መጻፊያ ከፍ ያለ ፍጥነት ያለውን አርደብሊው ሊያነበው ቢችልም ሊጽፍበት አይችልም፣ ዝቅ አድርጌ እጽፋለሁ ብትሉም እሺ አይላችሁም።

በመጨረሻ፣ መሃሉ ላይ የተሰነጠቀ የቆየ ሲዲ ያላችሁ ሰዎች «ከመጥፋቱ በፊት ልገልብጠው» ብላችሁ ፈጣን ኮምፒውተር ውስጥ እንዳትከቱት። በዚያ ሽክርክሪት እዚያው ውስጥ ሊፈነዳና መሣሪያውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። የግድ ከሆነም የንባቡን ፍጥነት ዝቅ የሚያደርግ ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቪዲዮ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ