ያተረፈውን «ከሠረ» አትበሉብን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እሑድ የኔትወርክ መሣሪያ ስለሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያ ስለ ሲስኮ ያወጣችሁትን ዘገባ እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ዓይኔን አላመንኩም። «በ2016 ዓ.ም. ኪሳራ ውስጥ የነበረው ሲስኮ ሠራተኛ ቀንሶ፣ ራሱን መልሶ አደራጅቶ አንሰራራ» ይላል። የትኛው ኪሳራ?

የኩባንያው ሒሳብ በአደባባይ ያለ ነው። በሐምሌ 2016 የተዘጋው የበጀት ዓመት ገቢው 53.8 ቢሊዮን ዶላር፣ የተጣራ ትርፉ 10.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ገቢው በ6 በመቶ ወርዷል፤ ትርፉም ቀንሷል። ትርፍ መቀነስና መክሠር ግን ለየቅል ናቸው፤ ገበያ ወጥታ ጤፍ የምትሰፍር እናት ይህን አሳምራ ታውቃለች። በዚያው ዓመት ስፕለንክ የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ በ28 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። የከሠረ ይህን ከየት ያመጣል?

ይህን የምጽፈው ለኩባንያው ጥብቅና ልቆም ብዬ አይደለም። ባለአክሲዮን ነኝ። ቨርጂኒያ ሳለሁ ሌሊት መኪና ማቆሚያ እየጠበቅሁ፣ በ1992 መጋቢት ዕቁብ ሲደርሰኝ ሃያ አክሲዮን ገዛሁ፤ አንዱ ከ70 ዶላር በላይ ነበር። ያገበያየኝ ደላላ «ይሄ አይወርድም» ብሎኝ ነበር። በ1995 መስከረም መጨረሻ ከ9 ዶላር በታች ገባ። ያን ሰሞን የመጣልኝን የሒሳብ መግለጫ በጥበቃ ዳሷ ቢጫ አምፖል ሥር ደጋግሜ ሳየው አድሬያለሁ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ በአንዱ ጥግ ላይ የቡና ቀለበት ታትሞበታል።

ስለዚህ ኪሳራ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። በ1993 ዓ.ም. የኢንተርኔት ኩባንያዎች ሲወድቁ ደንበኛ ጠፋ፤ ሲስኮ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የመጋዘን ዕቃ ከሒሳቡ ሠረዘ፤ 8,500 ሠራተኛ ለማሰናበት ተገደደ፤ ዓመቱንም 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከሥሮ ዘጋ። በነሐሴ በደንበኛ ዓይነት የተከፈሉትን ሦስት ዘርፎች አፍርሶ በ11 የቴክኖሎጂ ቡድኖች ተደራጀ። ያኔ ምክንያቱን መጠየቅም አያስፈልግም ነበር፤ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ይታያል።

የ2016ቱ ሌላ ነው። በየካቲት 5 በመቶ፣ በነሐሴ ደግሞ 7 በመቶ ሠራተኛ እቀንሳለሁ ያለው እያተረፈ ነው። የኔትወርክ፣ የደኅንነትና የስብሰባ መሣሪያዎች ክፍሎቹን በምርት ኃላፊው በጂቱ ፓቴል ሥር ጠቀለለ፤ ገንዘቡን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ወደ ሳይበር ደኅንነት አዞረ። የነሐሴው ቅነሳ በተነገረ ማግስት የአክሲዮኑ ዋጋ ወጣ፤ የእኔም ሃያ አክሲዮን አብሮ ወጣ። የምጠይቀው እዚህ ላይ ነው። 10 ቢሊዮን ያተረፈ ድርጅት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከእንጀራው ሲያፈናቅል ለምን ተብሎ መጠየቅ ነበረበት፤ እናንተ «ከሠረ» ብላችሁ ስትጽፉለት ግን ጥያቄው ተዘጋ። የከሠረ ይታዘንለታል።

ዋጋው በታኅሣሥ 2018 የ1992ቱን ከፍተኛ ዋጋ፣ 80 ዶላርን፣ በማለፉም «የድሮ ባለአክሲዮኖች ተካሱ» ብላችኋል። ከ25 ዓመት በላይ የቆየ 80 ዶላር ዛሬ ስንት እንደሚገዛ ዘጋቢያችሁ አስቦት ነበር?

ከሁሉ የከነከነኝ ግን «ጉዳዩ የመዲናዋን ባለሀብቶች የሚመለከት ነው» የሚለው ነው። እኛስ? ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ ትንሹ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር፤ በቴሌብር ከደሴም ከሐይቅም ይገዛ ነበር። ጎረቤቴ ከቡና ረከቦቷ ሥር ያጠራቀመችውን አውጥታ ገዝታለች። ልጇ ኮምቦልቻ ኔትወርክ ይማራል። ሰኞ ማለዳ ጋዜጣችሁን አጥፋ ይዛ በሬን አንኳኳች፤ «ጋሼ፣ የልጄ ትምህርት የከሠረ ነገር ነው እንዴ? የእኔስ ብር?» አለችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አብሽሪ፣ አልከሠረም» ብዬ አስቀምጫት ቁጥሩን አንድ በአንድ አስረዳኋት።

ማስረዳቱ ግን የእናንተ ሥራ ነበር። እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን አውጡልኝ። የሚወጣበትን እትም ገዝቼ ራሴ አደርስላታለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ