ቀዳዳውም ይታይ

ለአዘጋጁ፣

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ጥቁር አሜሪካውያን ለኮሌጅ መምህራቸው የጻፏቸውን ደብዳቤዎች «የግል ትዝታ» ብላችኋቸዋል። ይህ ያንሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ የነበረው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት ፋይል ወድሟል። ስለዚህ ለአንዳንድ ቤተሰብ በእጅ የቀረው ማስረጃ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ነው።

ደግሞም ሠራዊቱ ያኔ በቀለም የተከፋፈለ ነበር። ደብዳቤው በሳንሱር ያልፍ ነበር፤ ያልተፈቀደ ቃል በምላጭ ተቆርጦ ይወጣ ነበር። ወረቀቱ ላይ የቀረው ቀዳዳ ራሱ ይናገራል! በኮምፒውተር የተገለበጠው ጽሑፍ ግን ይህን አያሳይም።

ኮሌጆች ከግልባጩ ጎን የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶ፣ ፖስታውንም ከነማኅተሙ ያውጡ። አንድ አንድ ኮፒ ለወታደሮቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ይላኩ።

አንድ አንባቢ