ለልጄ፦ መዋኛ ገንዳ ውስጥ የተቀበሩት ፊልሞች

እንዴት ነሽ ልጄ? ትምህርትስ? እኛ ደህና ነን፤ ባሕር ዳር ሙቀቱ ጀምሯል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። የፊልም ታሪክ መማር ጀመርን ካልሽኝ ወዲህ እኔም እዚህ ማታ ማታ እያነበብኩ ነው። አንዳንዱን ለአንቺ ሳልነግር መተኛት አልቻልኩም።

ካናዳ ሰሜን ምዕራብ ውስጥ ዳውሰን ሲቲ የምትባል የወርቅ ፈላጊዎች ከተማ አለች። ያኔ ፊልም ከከተማ ከተማ እየዞረ ነበር የሚታየው፤ ዳውሰን ደግሞ የመስመሩ መጨረሻ ስለነበረች፣ እዚያ የደረሰውን ፊልም መልሶ ማጓጓዙ ስለሚወደድ ባለቤቶቹ እዚያው ይተዉት ነበር። ተከማቸ፣ ተከማቸ። እ.ኤ.አ. በ1929 አንድ የመዋኛ ገንዳ በአፈር ሲሞላ ፊልሞቹንም አብረው ከተቷቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ቦታው ለግንባታ ሲቆፈር ማሽኑ አፈር ሳይሆን ፊልም ዛቀ! 533 ጥቅል። ከመካከላቸው ጠፍቶ ቀርቷል የተባለ ብዙ ፊልም አለ። ያተረፋቸው ዓመቱን ሙሉ በረዶ የሆነው መሬት ነው። እዚህ ጣና ዳር ቢቀበሩ ኖሮ አንድ ክረምት አይዘልቁም።

ያኔ ፊልም የሚሠራው ከናይትሬት ነበር፤ የባሩድ ዘመድ በይው። አንዴ ከተያያዘ ውሃ ውስጥ ብትከቺውም አይጠፋም፣ ኦክስጅኑን ከራሱ ያወጣላ። ባይቃጠልም መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ከዚያ ያዣል፣ መጨረሻ ላይ ቡናማ ዱቄት ይሆናል።

በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ምስሉን የሚይዘው ሥሥ ሽፋን ጄላቲን ነው፤ እሱ ደግሞ ከከብት አጥንትና ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ። ይህን ሳነብ ክብራን ገብርኤል ያለው ወንጌል ትዝ አለኝ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ ብራና ነው፣ ከነሥዕሎቹ። ያም ከቆዳ፣ ይሄም ከቆዳና ከአጥንት። አንዱ 600 ዓመት ኖረ፣ ከሌላው ብዙው 100 መድረስ አቃተው። ግማሹ የኬሚካሉ ጥፋት ነው። ግማሹ ግን የሰው ነው፤ ብራናው በጨርቅ እየጠቀለለ ለተተኪው የሚያስረክብ መነኩሴ ነበረው።

ፊልምን ግን ሰው ራሱ ነው የጨረሰው። ጨረቃ ላይ የሚወጡ ሰዎችን የሚያሳየውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1902 የሠራው ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜልየስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ፊልሞቹ ተወስደው፣ ቀልጠው የጫማ ተረከዝ ሆኑበት። በኋላ ሲከስር የቀሩትን በገዛ እጁ አቃጠለ። ከዚያ ፓሪስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ አሻንጉሊት ይሸጥ ነበር። አንጀቴን ነው የበላው። የዴንማርኩ ዳይሬክተር ድራየር እ.ኤ.አ. በ1928 የሠራው የፈረንሳይዋ ጀግና የዣን ዳርክ ፊልም ደግሞ ዋናው ቅጂ ተቃጠለ፤ ከተረፈው ቁርጥራጭ እንደገና ቢያቀናብረው ያም ተቃጠለ። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ከዋናው ተባዝቶ የነበረ አንድ ቅጂ ኦስሎ አካባቢ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ማን እዚያ እንዳስቀመጠው እግዜር ይወቅ!

የኛውስ? «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. የወጣ የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን ነው። እስቲ ጓደኞችሽን ጠይቂያቸው፣ ስንቱ አይቶታል?

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። አያትሽ ጌሾ እየወቀጠች፣ አንቺን «ያን ነገር ከፊቴ አንሺልኝ» እያለች የቀረጽሻት ቪዲዮ አለ አይደል? ስልክሽ ላይ ብቻ ከሆነ ያለው፣ ዛሬውኑ ገልብጪው። ስልክ ይሰረቃል፣ ውሃ ይገባዋል፣ ይሞላና ይጠፋል። የሃርድ ዲስክ መግዣውን ማታ በቴሌብር እልክልሻለሁ። ሁለት ግዢ፤ አንዱን ለፋሲካ ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ፣ እኔ ጋ ይቀመጣል።

አባትሽ