የአልቤሮቤሎን ጣሪያ ሲሚንቶ አያጠነክረውም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደቡብ ኢጣሊያ፣ በፑሊያ ክልል ስላለችው አልቤሮቤሎ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብሁት። ይህችን ትንሽ ከተማ ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቃችሁ ያስመሰግናል። ትሩሎ (በብዙ ቁጥር ትሩሊ) ስለሚባሉት ባለሾጣጣ ጣሪያ ቤቶች ግን ሁለት ስሕተት ገብቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቤት የሚያፈርስ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

“ከአናቱ አንዲት ድንጋይ ቢነቅሉ ጣሪያው ሁሉ ይናዳል” መባሉ የመጀመሪያው ነው። አይናድም። ጣሪያው የሚካበው በቀለበት በቀለበት ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ሲገጥም ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተገፋፍተው ይቆማሉ። ግንበኛው ከሥር የእንጨት ድጋፍ ሳያቆም ወደ ላይ የሚወጣውም ለዚህ ነው፤ አናቱ ገና ክፍት እያለ ጣሪያው ራሱን ችሎ ቆሟል። እንደ ጎጆ ቤት መሐል ላይ ምሰሶ የለውም፤ አያስፈልገውምም።

አሠራሩን ከሥሩ ብንይዘው ይቀላል። አፈሩ ተጠርጎ ዐለቱ ይገለጣል፤ ዐለቱ ተቆፍሮ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሆናል፤ የወጣው የኖራ ድንጋይ ለግድግዳው ይውላል። ግድግዳው ፊትና ጀርባ ያለው ካብ ሲሆን መሐሉ በስብርባሪ ድንጋይ ይሞላል፤ ውፍረቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር አያንስም። ጣሪያውም ድርብ ነው። የውስጡ ሾጣጣ ሸክሙን ይይዛል፤ የውጪው ኪያንካሬሌ በሚባሉ ስስ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ይለብሳል፤ በሁለቱ መካከል ጠጠር ይገባል። ጥበቡ ሁሉ ያለው ኪያንካሬሌው ላይ ነው። እያንዳንዱ ጠፍጣፋ ወደ ውጭ በትንሹ ዘንበል ማለት፣ ከሥሩ ያሉት ሁለቱ የተገናኙበትንም ስንጥቅ መሸፈን አለበት። እንዲህ ሲሆን ዝናቡ ከድንጋይ ድንጋይ እየወረደ በክፍክፉ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይሄዳል። ጥቂቶቹ ወደ ውስጥ ካዘነበሉ ግን ውሃው ጠጠሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ደቃቁ ታጥቦ ይወርድና የውጪው ልብስ ሆዱን ይነፋል።

ሁለተኛው ስሕተት እዚህ ላይ ይመጣል። “ዛሬ ባለቤቶቹ ስንጥቁን በሲሚንቶ እየሞሉ ያጠናክሩታል” ብላችኋል። የሚያደርጉ አሉ፤ የሚያጠናክር ግን አይደለም። ካብ በሙቀትና በብርድ በጥቂቱ ይነቃነቃል፤ ሲሚንቶ ግትር ነውና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ እንደ ድሮው በየመገጣጠሚያው ሊተን አይችልም፤ ውስጥ ታምቆ ይቀራል፤ ከወራት በኋላ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ጨውና ሻጋታ ሆኖ ብቅ ይላል። የከፋው ደግሞ፣ ውሃ የሚያስገባውን ጠፍጣፋ ለይቶ መቀየር የማይቻል መሆኑ ነው፤ ሁሉም ተጣብቆ አንድ ሆኗል። ሲነቅሉት ጎረቤቶቹን ይዞ ይሰበራል። ትክክለኛው ጥገና የተበላሸውን ቦታ መፍታት፣ ደኅናዎቹን ጠፍጣፋዎች መለየትና በነበሩበት ዘንበል መልሶ መካብ ነው። ግድግዳውን የላስቲክነት ጠባይ ባለው ቀለም መቀባትም ከዚሁ ይቆጠራል፤ እርጥበቱን ያፍናል፣ ቆይቶ ይላጣል። የሚሆነው በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ነው፤ ግድግዳውን አርጥቦ፣ እያሳሱ፣ ደጋግሞ መቀባት።

ያለ ማጣበቂያ መካቡ ከድህነት ብቻ የመጣ አድርጎ ማቅረብም ያጎድላል። በኔፕልስ መንግሥት ሕግ አዲስ ሰፈር ለመመሥረት የንጉሡ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ግብርም ያስከፍል ነበር። የአካባቢው ባላባቶች፣ የኮንቬርሳኖ ገዥዎች የነበሩት የአኳቪቫ ቤተሰብ ሰፋሪዎቹን በካብ ብቻ እንዲሠሩ ያስገደዱት፣ ቤቶቹ በፍጥነት ፈርሰው ግብር እንዲያመልጡ ነበር ይባላል። ነዋሪዎቹ ከዚህ አገዛዝ የወጡት ንጉሥ ፈርዲናንድ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1797 አልቤሮቤሎን የንጉሥ ከተማ፣ ማለትም በቀጥታ በንጉሡ ሥር ያለች፣ ሲያደርጋት ነው። ካዛ ዳሞሬ የሚባለው ቤት በማጣበቂያ የተሠራው በዚያው ዓመት ነው። ዩኔስኮ ትሩሊዎቹን እ.ኤ.አ. በ1996 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ የካብ ሙያውም እ.ኤ.አ. በ2018 ጣሊያንን ጨምሮ በስምንት አገሮች ስም በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው ሙያው ነው፤ ሲሚንቶ ባለበት ደግሞ ሙያው የለም።

ለመሄድ ላሰቡ አንባቢዎች፦ ሪዮኔ ሞንቲ የተባለው ሰፈር ከሺህ በላይ ትሩሊ ያሉበት ሲሆን ብዙዎቹ ሱቅ ሆነዋል፤ የሰው መኖሪያነቱን ይበልጥ የጠበቀውን ለማየት አያ ፒኮላ የተባለውን ሰፈር ይጎብኙ። የከተማዋ ትልቅ በዓል የቅዱሳን ሐኪሞች፣ በእኛ ስንክሳር ቆዝሞስና ድምያኖስ የምንላቸው፣ በዓል ነው፤ ዋናው ቀን በፈረንጆቹ መስከረም 27 ነው። ምስሎቻቸው በሰልፍ የሚወጡበት ቤተ ክርስቲያን ባለሁለት ደወል ቤት የሆነው ፊቱ እ.ኤ.አ. በ1885 የተሠራው በከተማዋ ተወላጅ በአንቶኒዮ ኩሪ ንድፍ ነው።

በመጨረሻም፣ “ጥንታዊው የትሩሎ ቤተ ክርስቲያን” ብላችሁ ፎቶውን ያወጣችሁት የፓዶቫው ቅዱስ አንቶኒዮ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. የ1920ዎቹ ሥራ ነው። ጥንታዊና ትልቅ ትሩሎ ለማሳየት ከሆነ ባለ ሁለት ፎቁን ትሩሎ ሶቭራኖን ብታወጡ ይሻላል። እርማቱን በሚቀጥለው እትም እንደምታወጡት ተስፋ አደርጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ