አንዲት ምድጃ ስለመጠየቅ፦ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ
ግልባጭ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ የሲሊከን ክሪስታል ማሳደጊያ ምድጃ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ እንዲገዛ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

በቅድሚያ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የቺፕ ፋብሪካ ይሠራልን ለማለት አልጻፍኩም። እንደዚያ ያለው ፋብሪካ በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር የሚቆም ነው፤ እኛ ገና ነን። የምጠይቀው ቺፕም የፀሐይ ሴልም የሚሠሩበትን የሲሊከን ክሪስታል የምታሳድግ አንዲት ምድጃ ነው።

ሐዋሳ ላይ ቶዮ የተባለው ኩባንያ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ የፀሐይ ሴል እያመረተ ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን ሴሉ የሚሠራባት ዌፈር፣ ውፍረቷ ሁለት የፀጉር ዘለላ ቢደራረብ የሚሆነውን ያህል የሆነች ግራጫ ሰሌዳ፣ የምትመጣው ታሽጋ ከውጭ ነው። ከዌፈሯ በፊት ያለውን ሥራ አገራችን ውስጥ በእጁ የነካ ሰው ብፈልግ የማገኝ አይመስለኝም። እኔም ራሴ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ከሥዕል ነው።

ነገሩ ከድንጋይ ይጀምራል። ንጹሕ ኳርትዝ ከከሰል ጋር በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቀልጣል፤ ከሰሉ ኦክስጅኑን ይዞ ሲወጣ ሲሊከኑ ይቀራል። አንድ ኪሎ ለማውጣት ከ11 እስከ 13 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህ ሲሊከን 99 በመቶ ገደማ ንጹሕ ነው፤ ለአሉሚኒየም ቅይጥ ይበቃል፣ ለቺፕ ግን እንደ ጭቃ ነው። ስለዚህ ትራይክሎሮሲሌን ወደሚባል፣ በ32 ዲግሪ ገደማ ወደሚፈላ ፈሳሽ ይለወጥና አረቄ በሚወጣበት መንገድ እየተነነና እየቀዘቀዘ ደጋግሞ ይጣራል፤ ከዚያም ወደ ጠጣር ሲሊከን ይመለሳል፤ ከቢሊዮን አተም አንድ ባዕድ ቢገኝ ነው።

የክሪስታሉ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የተጣራው ሲሊከን በኳርትዝ ጽዋ ውስጥ በ1,414 ዲግሪ ይቀልጣል፤ አየር እንዳይነካው አርጎን ጋዝ ይለቀቅበታል። ከላይ ጣት የምታህል የዘር ክሪስታል ወርዳ ቅልጡን ትነካና እየተሽከረከረች ወደ ላይ ትጎተታለች፤ ፍጥነቷ በደቂቃ አንድ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የሚረጉት አተሞች የዘሯን አሰላለፍ ይዘው ይደረደራሉ። መጀመሪያ ላይ ክሪስታሉ ሆን ተብሎ እንዲቀጥን ይደረጋል፤ ዘሯ ቅልጡን ስትነካ የሚፈጠሩት የአሰላለፍ ጉድለቶች በቀጭኑ አንገት ላይ ወደ ጎን ወጥተው ያልቃሉ። ከዚያ ይሰፋል። በትልልቆቹ ፋብሪካዎች 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ከአንድ ኩንታል በላይ የሚመዝን ግንድ ከእርሳስ በቀጠነች አንገት ተንጠልጥሎ ይወጣል። ዌፈር ማለት ይህ ግንድ የአልማዝ ብናኝ በለበሰ ሽቦ ተከትፎ ነው። ዘዴውን ያገኘው ፖላንዳዊው ያን ቾክራልስኪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1916 በርሊን ውስጥ ብዕሩን የቀለም ብልቃጥ መስሎት የቀለጠ ቲን ውስጥ ነክሮ ሲያወጣ ቀጭን ክር ተከትሎት ወጣ ይባላል።

(በዚሁ አጋጣሚ፣ የደላንታው ኦፓላችን እንደ ኳርትዝ ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውሕድ) ሆኖ ሳለ፣ እንደ ኳርትዝ ያለ ክሪስታል ግን አይደለም። ውበቱ ከጥቃቅን የሲሊካ ድቡልቡሎች አደራደር የመጣ ነው። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይቀየሙኛል።)

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ። ከዓመታት በፊት በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ አንዲት ተማሪዬ ከተሰበረ የኤሌክትሪክ ምጣድ በተፈታ የማሞቂያ ሽቦ፣ ቢስሙት የተባለውን ብረት ክሪስታል አድርጋ የምታሳድግበት ትንሽ ምድጃ ሠራች። ቢስሙት በ271 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ለእንዲህ ያለው ነገር ምቹ ነው። ቅልጡን የያዘውን የብርጭቆ ቱቦ በሰዓት ሞተር ቀስ እያደረገች ከምድጃው ወደ ታች ታወርደዋለች፤ ከሥር እየረጋ ወደ ላይ እንዲሄድ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ቢስሙት እንደ ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፤ ዳር ዳሩ ቀድሞ ረግቶ መሐሉ መሄጃ ሲያጣ ቱቦውን አፈነዳው። ጠዋት ስንገባ መሬቱ ስብርባሪ ነበር። ሲሊከንም ሲረጋ ይሰፋል። ልዩነቱ የሲሊከን ምድጃ ግድግዳ በውሃ የሚቀዘቅዝ መሆኑ ነው፤ ጽዋው ተሰንጥቆ ቅልጡ ከውሃው ጋር ከተገናኘ የሚጠፋው ክሪስታል ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ግዥ ብቻ አይደለም። ለምርምር የምትሆን ትንሽ ምድጃ ከመቶ ኪሎዋት ያነሰ ኃይል ይበቃታል። የህዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ለቢትኮይን ማይነሮችም ኃይል እየሸጥን ነው። ለአንዲት ምድጃ የራሷን መስመርና መጠባበቂያ ጄኔሬተር መስጠት አያቅተንም። የኳርትዙ ጽዋ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰነጠቅ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ምድጃውን ገዝቶ ለጽዋና ለአርጎን የየዓመቱን በጀት አለመያዝ ጀበና ገዝቶ ቡናውን እንደመርሳት ነው። እንዲህ ሆነው አቧራ የጠጡ ውድ መሣሪያዎችን አይቻለሁ፤ ክቡርነትዎም ሳያዩ አልቀሩም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የቴክኒሻኑ ነገር ነው። ክሪስታሉ ሲጎተት በጎኑ ላይ አራት መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ ከጠፉ ነጠላ ክሪስታልነቱ ጠፍቷልና መልሶ ማቅለጥ ግድ ነው። ይህን በምድጃዋ መስኮት እያየ የሚያውቅ ዓይን በሦስት ወር ሥልጠና አይገኝም። በእኛ የደመወዝ እርከን ግን እንዲህ ያለው ሰው ከመምህራኑ በታች ነው፤ ሥራውን እንደለመደ የሚሄደውም ለዚህ ነው። 5 ሚሊዮን ኮደር የማሠልጠኑን ዕቅድ እደግፋለሁ። ከነሱ ጎን አሥር ክሪስታል አሳዳጊ ይኑረን፣ አሥር ብቻ፤ ደመወዛቸውም የሚያስቀር ይሁን። ሐዋሳ ያለው ፋብሪካ አንድ ቀን ዌፈሩንም እዚሁ ልሥራ ቢል የሚቀጥረው እነሱን ነው።

የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሁን በሚለው አልከራከርም። አዳማም ይሁን አዲስ አበባ፣ መብራቱ የማይቆራረጥበት ይሁን።

ያች የፈነዳች የቢስሙት ዘንግ ቁራጯ መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ለቀጠሮ ከተጠራሁ ይዣት እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር