ልጆቹ በክፍል ውስጥ ይናገሩ

ክቡር አዘጋጅ፣

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ቢደነግግም፣ ከወላይታ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ትምህርቱን የሚቀጥለው ገና ባልለመደው አማርኛ ነው። በማስተምርበት ክፍል እንዲህ ያለ ተማሪ ለወራት ዝም ሲል፣ ይህን ስጽፍ ቢያሳዝነኝም፣ ዝምታውን እንደ ስንፍና ቆጥሬው ነበር። ስለ ውኃ ትነት ስንማር ግን ከአገሩ ልጅ ጋር በመጀመሪያ በወላይትኛ እንዲወያይ፣ ከዚያም የተግባቡበትን ለክፍሉ በአማርኛ እንዲያስረዳ ባደርግ፣ እናቱ ጀበና ስትጥድ ያየውን እንፋሎት ከማንም በላይ አብራርቶ ተናገረ፤ የጎደለው ቃል እንጂ ዕውቀት አልነበረም። ትምህርት ቢሮዎች በመምህራን ሥልጠና ውስጥ የጥንድ ውይይትን እንዲያካትቱ፣ ርእሰ መምህራንም ተማሪዎች በቋንቋቸው ሲነጋገሩ እንዳይቀጡ እንዲያደርጉ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ ከአዲስ አበባ