«አፕግሬድ» ተብሎ በፎርማት ስለተሠራ የዊንዶውስ 11 ጭነት የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኮምፒውተር ጥገና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሥራው እንደገና በትክክል እንዲሠራና የተከፈለው ገንዘብ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ከማዕከላችሁ የተረከብነው የቤት ዴስክቶፕ ላይ የተሠራው ሥራ ደረሰኙ ላይ ከተጻፈው ጋር አይገናኝም። ደረሰኙ «ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 አፕግሬድ፣ ፋይል ሳይነካ፣ 1,800 ብር» ይላል። ሲ ድራይቭ ግን ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበታል። ዴስክቶፕና ዶክዩመንትስ ላይ የነበረው ሁሉ የለም። አፕግሬድ ቢሆን ኖሮ አሮጌው ሲስተም «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ በ10 ቀን ውስጥ ወደነበረበት መመለስ ይቻል ነበር፤ ፎልደሩ ጭራሽ አልተፈጠረም።

ባለሙያችሁ በስልክ «ማሽኑ ለ11 ብቁ ስላልሆነ በሌላ መንገድ ነው የጫንነው» ብለዋል። ይህ ስህተት ነው፤ የቅሬታችንም ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5-8400 ሲሆን ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው የ8ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰሮች አንዱ ነው። ራሙ 8 ጊጋ ነው፤ የሚጠየቀው 4 ነው። ኤስኤስዲው 240 ጊጋ ነው፤ የሚጠየቀው 64 ነው። የጎደለው ቲፒኤም 2.0 (ቁልፎችን የሚጠብቅ የደህንነት ክፍል) ነው የተባለውም በፕሮሰሰሩ ውስጥ አለ፤ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ የሚሠራው መሠረታዊ ማስተካከያ) ላይ ጠፍቶ ስለነበር ብቻ ነው ያልታየው። ሲበራ ዴሊት ተጭኖ ባዮስ ውስጥ በመግባት «ኢንቴል ፒቲቲ» የሚለውን፣ ማለትም የኢንቴልን ቲፒኤም፣ ማብራት ነበር ሥራው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው እንቅፋት ዲስኩ በድሮው የአከፋፈል ሥርዓት በኤምቢአር የተከፋፈለና ማሽኑ በድሮው የአነሣሥ ዘዴ በሌጋሲ የሚነሣ መሆኑ ነበር፤ ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው የእነዚህን ተተኪዎች፣ ጂፒቲንና ዩኢኤፍአይን ነው። ይህም ያለ ፎርማት ይፈታል። ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ የሚመጣው ኤምቢአር2ጂፒቲ የተባለው መለወጫ መጀመሪያ በማረጋገጫ ትእዛዙ ይሞከራል፤ ዲስኩ ላይ ከሦስት በላይ ፕራይመሪ ፓርቲሽን ከሌለና ኤክስቴንድድ ፓርቲሽን ካልተሠራበት ያልፋል። የእኛ ዲስክ ሁለት ፓርቲሽን ብቻ ነበረው። ከዚያ ይለወጣል፤ ቀጥሎ ባዮስ ላይ በሌጋሲ ማስነሣት የሚፈቅደው ሲኤስኤም ይጠፋል፤ በመጨረሻ ያልታመነ ሶፍትዌር ማሽኑን እንዳያስነሣ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት ይበራል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማሽኑ አይነሣም፤ ስለዚህም ብዙ ጥገና ቤት ፎርማቱን ይመርጣል። ፋይል ሳይነካ ብሎ ገንዘብ የተቀበለ ግን ይህን ምርጫ ደንበኛውን ሳይጠይቅ ማድረግ አይችልም።

አሁን ያለው ጭነት የዊንዶውስ 11ን የብቃት ፍተሻዎች በሚዘልል ፍላሽ የተሠራ ነው። የማሽኑን መረጃ የሚያሳየው ኤምኤስኢንፎ32 ሲከፈት የባዮስ ሁኔታው «ሌጋሲ» ይላል፤ ሴኪዩር ቡት አይሠራም፤ ቲፒኤምም እንደጠፋ ነው። ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ሳያሟላ ለተጫነ ዊንዶውስ 11 ዝማኔ ለመስጠት ዋስትና እንደማይገባ በግልጽ ጽፏል። ከዊንዶውስ 10 የወጣነው የደህንነት ዝማኔው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ነው፤ ስለዚህ የከፈልንበት ምክንያት ራሱ አልተሟላም። ጥድፊያም አልነበረም፤ ለተመዘገበ የቤት ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቀጥል የተራዘመ ዝማኔ አለ። ቢያንስ ፋይል እስኪገለበጥ መጠበቅ ይቻል ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ፈቃዱ ነው። ማሽኑ ከማዘርቦርዱ ጋር የተሳሰረ ሕጋዊ የዊንዶውስ 10 ፕሮ ዲጂታል ፈቃድ አለው፤ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ሲጫንበት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይነቃል (አክቲቬት ይሆናል)። እናንተ ግን ኢንተርፕራይዝ እትም ጫናችሁ። የፕሮ ፈቃድ ኢንተርፕራይዝን ስለማያነቃ በክራክ፣ ማለትም ፈቃድን በሚያጭበረብር ሕገወጥ ፕሮግራም፣ ነቃ። የፈቃዱን ሁኔታ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ትእዛዝ ኤስኤልኤምጂአርን በኤክስፒአር ስናስኬደው ማንቂያው ሜይ 3 ቀን 2026 እንደሚያበቃ ይነግረናል፤ ይህም ከተረከብንበት ቀን ልክ 180 ቀን፣ ሚያዝያ 25 ማለት ነው። ክራኩ እንዳይያዝም የዊንዶውስ ፀረ ቫይረስ ዲፌንደር በማይፈትሻቸው ቦታዎች (መዝለያ) ዝርዝር ውስጥ ሲ ድራይቭ በሙሉ ገብቷል። በዚህ ድራይቭ ላይ ቫይረስ ቢወርድ የሚያየው የለም። የባንክ አፕሊኬሽን የሚከፈትበት ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ተገቢ ነው ብለን አናምንም።

የጠፋውን በሪከቨሪ ሶፍትዌር እንመልሳለን ማለታችሁንም ሰምተናል። ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ቢሆን ተስፋ ይኖረው ነበር። ኤስኤስዲ ሲፎርማት ግን ዊንዶውስ ትሪም የሚባለውን ትእዛዝ ይልካል፤ ዲስኩም ባዶ የተባለውን ቦታ ከውስጥ ያጸዳዋል። በዚያ ላይ አዲስ ሲስተም ተጽፎበታል። ስለዚህ በዚህ ስም ተጨማሪ ገንዘብ እንዳትጠይቁ፣ ዲስኩንም በከንቱ እንዳታቆዩት።

ዲ ድራይቭ ሌላ ሃርድ ዲስክ በመሆኑ ተርፏል፤ እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተረፈም። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝና ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል አመዘጋገብ) ያልሆኑት የድሮ ፎንቶቹ ሲ ላይ ስለነበሩ አብረው ጠፍተዋል። በእነሱ የተጻፈ የዕድር መዝገብ አሁን ሲከፈት በስሞቹ ቦታ ላይ የተደበላለቀ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ኮማና ቅንፍ ነው የሚታየው። ጽሑፉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ሲመለስ ይነበባል። ኒያላ በተባለው የአማርኛ ፎንት የተጻፉትም መልካቸው ተለውጧል፤ ኒያላ በአማራጭ ፊቸርነት ለብቻው የሚጨመር ፎንት ስለሆነ ከጭነት በኋላ ማስገባት ያስፈልጋል። ፎርማት ከማድረግ በፊት የፎንትስ ፎልደርን መገልበጥ አማርኛ ለሚጽፍ ደንበኛ የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። ፒቲቲና ሴኪዩር ቡት በርተው፣ በጂፒቲና በዩኢኤፍአይ፣ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ከማይክሮሶፍት ከወረደ ፋይል እንደገና ይጫን። ይህኛው ጭነት በፎርማት እንዲሆን ተስማምተናል፤ በነዚህ ሁለት ሳምንታት የተሠራውን ወደ ዲ ገልብጠናል። ጭነቱ ሲጀመር የዲ ሃርድ ዲስክ ኬብል ይነቀል፤ ቡት ፓርቲሽኑ እዚያ ላይ እንዳያርፍ፣ በስህተትም እንዳይፎርማት። የባለሙያው የማይክሮሶፍት አካውንት በፍጹም አይግባበት፤ አዲሱ የዊንዶውስ 11 እትም ዲስኩን ራሱ ቆልፎ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁልፍ በገባው አካውንት ላይ ስለሚያስቀምጥ ቁልፉ የእናንተ እጅ ይቀራል። ፓወር ግዕዝን የምንጭነው በራሳችን ሲዲ ነው።

1,800 ብሩም ይመለስ፤ የተከፈለበት ሥራ አልተሠራምና። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ደረሰኙን፣ የባዮስ ሁኔታውንና የማንቂያውን ቀን የሚያሳዩ ፎቶዎችን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካልተሰጠን ጉዳዩን ለሚመለከተው የሸማቾች ጥበቃ አካል እናቀርባለን።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኞቻችሁ